በሜሪላንድ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ በእርግጥ ስንት ያስወጣል?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፤ ዕድሜዬ 44 ነው። እዚያው ሰፈር የባልትናና የግሮሰሪ ሱቅ ከፍቼ ማታ እስከ አምስት ሰዓት እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ የእህቴ ልጅ ይቆምልኛል። አንዱ ጓደኛዬ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ በ125 ዶላር ይወጣል ይለኛል። ሌላው ከሺህ ዶላር በላይ እንደጨረሰ ነግሮኛል። ቨርጂንያ ያለው ወንድሜ ደግሞ 50 ዶላር ብቻ ነው የከፈልኩት ይላል። ማንን ልመን? ፈቃዱን ካወጣሁ ዕቃ ለማምጣት ዲሲና ቨርጂንያ ውስጥ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ስሄድ ሽጉጡን መያዝ እችላለሁ? የእህቴ ልጅስ በእኔ ፈቃድ ሊጠቀም ይችላል?»

ሦስቱም ሰዎች አልዋሹዎትም፤ የነገሩዎት ግን ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነው። 125 ዶላር የሜሪላንድ ግዛት ፖሊስ ለማመልከቻው ብቻ የሚቀበለው ክፍያ ነው። ከሺህ በላይ ወጣብኝ ያሉት ሰው ሥልጠናውን፣ አሻራውንና ሽጉጡን ራሱን ደምረው መሆን አለበት። ወንድምዎ ደግሞ የሚኖሩት በሌላ ግዛት፣ በሌላ ሕግ ሥር ነው። ይሁንና ከሂሳቡ በፊት መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርስዎ ለፈለጉት ጉዳይ ይህ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ከጻፉት እንደተረዳሁት፣ ለሱቁ ከሆነ አያስፈልግም።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው «ፈቃድ» ከሚለው ቃል ነው። በአገር ቤት ልማድ ፈቃድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የመሣሪያውን ወረቀት ነው፤ ወረቀት ያለው መሣሪያ ከባለቤቱ ጋር የትም ይሄዳል ተብሎም ይታመናል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ፈቃዶች አሉ፤ ሁለቱም የሚሰጡት ለሰውየው እንጂ ለመሣሪያው አይደለም። የመጀመሪያው ሽጉጥ ለመግዛት የሚያበቃው ሲሆን ሁሉም ሰው በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤች ኪው ኤል ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ሕግ የመጣ ነው፤ የአራት ሰዓት ሥልጠና፣ የጣት አሻራና 50 ዶላር ይጠይቃል፤ አንዴ ከወጣ ለ10 ዓመት ያገለግላል። ሁለተኛው ዌር ኤንድ ካሪ የሚባለው፣ ሽጉጥ ታጥቆ ወደ መንገድ ለመውጣት የሚያስፈልገው ፈቃድ ነው። ጓደኞችዎ የሚያወሩት ስለዚህኛው ነው።

ይህ ሁለተኛው ፈቃድ እስከ 2022 ድረስ ለተራው ነዋሪ የማይቀመስ ነበር፤ አመልካቹ ለምን መታጠቅ እንዳስፈለገው በቂና ተጨባጭ ምክንያት ማቅረብ ነበረበትና። በዚያ ዓመት በጁን ወር የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ የነበረውን የኒው ዮርክ ሕግ ሲሽር፣ ሜሪላንድም በሳምንታት ውስጥ ምክንያት መጠየቁን ተወች። በሩ ቢከፈትም የግዛቲቱ ምክር ቤት በቀጣዩ ዓመት ክፍያውን ከ75 ወደ 125 ዶላር፣ የእድሳቱን ደግሞ ከ50 ወደ 75 ዶላር አሳደገው። ስለዚህ ከኦክቶበር 2023 በፊት ያወጣ ሰው 75 ዶላር ነው ቢልዎት እሱም በጊዜው ልክ ነበር።

አሁን ወደ ሱቅዎ ልግባ። የሜሪላንድ ሕግ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መታጠቅን ከከለከለ በኋላ የማይመለከታቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ ከእነዚህም መካከል ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ፣ እንዲሁም በባለቤትነት ወይም በኪራይ በያዘው የንግድ ቤት ውስጥ መታጠቁ ይገኝበታል። ይህ ማለት ሽጉጡን በሕጋዊ መንገድ እስከገዙ ድረስ በገዛ ሱቅዎ ውስጥ ለመያዝ ዌር ኤንድ ካሪ አያስፈልግዎትም። ንግዱ በዋናነት የእርስዎ ከሆነና የሚያንቀሳቅሱትም እርስዎ ከሆኑ፣ ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ይዘውት መሄድም ይችላሉ፤ ነገር ግን ጥይቱ ወጥቶ፣ ሽጉጡም በተዘጋ ሳጥን ወይም በተዘጋ ማኅደር ውስጥ ሆኖ ነው። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ከወንበር ሥር አድርጎ መንዳት ከዚህ ውጭ ነው፤ ያለ ፈቃድ መታጠቅ እስከ አምስት ዓመት እስር ሊያስፈርድ ይችላል።

«የንግድ ቤት ውስጥ» የሚለውን ሐረግ ግን ሰዎች እንደሚመስላቸው ሰፊ አድርገው አይውሰዱት። ሱቅዎ ከሌሎች አምስት ስድስት ሱቆች ጋር ተደርድሮ የጋራ መኪና ማቆሚያ ያለው ዓይነት ከሆነ፣ የተከራዩት ግድግዳው ውስጥ ያለውን ቦታ እንጂ መኪና ማቆሚያውን አይደለም። ማታ ሲዘጉ ቆሻሻውን ይዘው፣ ሽጉጡ ወገብዎ ላይ እንዳለ፣ ከጀርባ ወዳለው የቆሻሻ ገንዳ 20 እርምጃ ቢራመዱ ከተፈቀደልዎ ቦታ ወጥተዋል። ሱቁ ፊት ለፊት ቆሞ ሲጋራ ማጨስም እንዲሁ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሰው የሚያዘው ግን እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ነው። በተጨማሪ የኪራይ ውልዎንና የሱቁን መድን አውጥተው ያንብቡ። ሕግ ፈቀደ ማለት አከራዩ ፈቀደ ማለት አይደለም፤ አንዳንድ የመድን ውሎች ደግሞ በጦር መሣሪያ ምክንያት የሚመጣን የካሳ ጥያቄ ከሽፋናቸው ያወጣሉ።

ለሱቁ ብቻ ከሆነ እንግዲህ ሂሳቡ ይህን ይመስላል። ለኤች ኪው ኤል 50 ዶላር፤ ለአራት ሰዓቱ ሥልጠና እንደ አሰልጣኙ ከ75 እስከ 125 ዶላር፤ ለኤሌክትሮኒክ አሻራ ከ50 እስከ 80 ዶላር፤ ሽጉጡን ሲገዙ ለግዛቱ የግዢ ማመልከቻ 10 ዶላር። የወረቀቱ ወጪ በአማካይ 220 ዶላር ገደማ ሆነ ማለት ነው። ማመልከቻው ከገባ በኋላ ሰባት ቀን ሳይሞላ ሻጩ ሽጉጡን አያስረክብዎትም፤ ስለዚህ ዛሬ ገዝቼ ዛሬ ይዤ ልግባ የሚባል ነገር የለም። አስተማማኝ የሚባል አዲስ ሽጉጥ ከ400 እስከ 600 ዶላር ያወጣል። ከመደርደሪያው ሥር በቡሎን የሚታሰር ትንሽ ካዝና 100 ዶላር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ይህንን እንደ ትርፍ ወጪ አይዩት። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ተቆጣጣሪ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ መተው ሜሪላንድ ውስጥ ወንጀል ነው፤ የእኛ ሰው ሱቅ ደግሞ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች የማይጠፉበት ነው።

ዌር ኤንድ ካሪ ልጨምር ካሉ ወጪው የሚያብጠው በ125 ዶላሩ ሳይሆን በሥልጠናው ነው። ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ አመልካች 16 ሰዓት ሥልጠና ያዛል፤ አሰልጣኙም በግዛቱ ፖሊስ የታወቀ መሆን አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሙሉ ቀን ይፈጃል፤ ዋጋው ከ200 እስከ 400 ዶላር ነው፤ ሱቅ ለዘጋ ሰው ደግሞ የሁለቱ ቀን ገበያ ከዚያ ላይ ይታሰባል። መጨረሻ ላይ 25 ጥይት ይተኮሳል፤ 70 በመቶው፣ ማለትም ቢያንስ 18ቱ፣ ዒላማውን መምታት አለባቸው። ከዚህ በፊት ተኩሶ የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው። ድምፁን ከመጠበቅ የተነሳ ቃታውን በቀስታ መሳብ ትቶ ይመነጭቀዋል፤ ያን ጊዜ የእጁ አንጓ ወደ ታች ይሰበርና ጥይቱ ከዒላማው እግር ሥር ይወድቃል። አገር ቤት ክላሽ ተኩሻለሁ የሚሉ ጠንካራ ሰዎችም በአጭር ሽጉጥ እንዲሁ ሲሆኑ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ትከሻ ላይ የሚደገፍ መሣሪያና በሁለት እጅ ብቻ የሚያዝ መሣሪያ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ የተኩስ ልምምድ ቦታ መሄድን ያስቡ፤ የቦታ ኪራይና ጥይት ተደምሮ በአንድ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዶላር ያልቃል።

አሻራው ለዚህ ማመልከቻ እንደገና ሊጠየቅ ስለሚችል ሌላ 60 ዶላር ገደማ ይያዙለት። በዚህ መንገድ ሲሰላ ሁለተኛው ፈቃድ ብቻውን ከ500 እስከ 700 ዶላር ይደርሳል። ወገብ ላይ የሚታሰረውን ማኅደር በርካሽ ለማግኘት አይሞክሩ፤ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር ከ50 ዶላር ጀምሮ ይገኛል። ከሽጉጡና ከመጀመሪያው ፈቃድ ጋር ሲደመር ያ ከሺህ ዶላር በላይ ጨረስኩ ያሉት ሰው እንዳላጋነኑ ይታያል። ማመልከቻው ውድቅ ከሆነ 125 ዶላሩ አይመለስም። መልስ እስኪመጣም እስከ 90 ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ወጪው አንዴ ከፍለውት የሚረሱት እንዳይመስልዎት። የመጀመሪያው ፈቃድ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሦስት ዓመቱ 75 ዶላርና የስምንት ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ዛሬ ከሺህ ዶላር በላይ አውጥቶ ከሁለት ዓመት በኋላ እድሳቱን የረሳ ሰው ያለ ፈቃድ እንደታጠቀ ሰው ነው የሚቆጠረው።

የወንድምዎ 50 ዶላር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀልድ ይመስላል። ቨርጂንያ ውስጥ ሽጉጥን ሸሽጎ ለመያዝ የሚያስፈልገው ፈቃድ የሚወጣው ከሚኖሩበት አካባቢ ፍርድ ቤት ነው፤ ጠቅላላ ክፍያው ከ50 ዶላር እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል፤ ለአምስት ዓመት ያገለግላል፤ ፍርድ ቤቱም በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ሥልጠናው አጭር ነው፤ ይሁን እንጂ ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ በኢንተርኔት ብቻ የተወሰደ ሥልጠና ተቀባይነት የለውም። «ቤትዎ ቁጭ ብለው የቨርጂንያ ፈቃድ ያግኙ» የሚል ማስታወቂያ ካዩ አይክፈሉ። የክፍያ ልዩነቱ ደግሞ በሁለቱ ግዛቶች አያበቃም፤ ፔንስልቬንያ ለአምስት ዓመት 20 ዶላር ስታስከፍል ኒው ዮርክ ከተማ ለማመልከቻው ብቻ 340 ዶላር ትቀበላለች። እርስዎ የቨርጂንያን ፈቃድ የውጭ ነዋሪ ሆነው በ100 ዶላር ማመልከት ይችላሉ፤ ግን ምንም አይጠቅምዎትም፤ ምክንያቱም ሜሪላንድ የየትኛውንም ሌላ ግዛት ፈቃድ አታውቅም። ለወንድምዎም ይህንን ይንገሩልኝ፤ ለእራት ወደ እርስዎ ቤት ሲመጡ ሽጉጡን ታጥቀው ወንዙን ከተሻገሩ፣ ኪሳቸው ውስጥ ያለው የቨርጂንያ ወረቀት ሜሪላንድ ውስጥ ዋጋ የለውም።

በተቃራኒው አቅጣጫ ቨርጂንያ ለጋስ ነች፤ ከ2016 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላና ፎቶ ያለበት መታወቂያ የያዘ ሰው የሌላ ግዛት ፈቃዱን ስታከብር ቆይታለች። የቨርጂንያ አዳዲስ ሕጎች ብዙውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውሉት ጁላይ 1 ስለሆነ፣ በየዓመቱ ከዚያ ቀን በኋላ የግዛቱን ፖሊስ መግለጫ ሳያዩ አይሂዱ። መንገዱም ራሱ ጣጣ አለው። በስተ ምዕራብ በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ካለፉ ከሜሪላንድ በቀጥታ ቨርጂንያ ይገባሉ። ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያቀርበው የውድሮው ዊልሰን ድልድይ ግን መሐሉ ላይ የዲሲን ጫፍ ይነካል፤ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ቢሆንም ዲሲ ዲሲ ነው።

ዲሲ የማንንም ግዛት ፈቃድ አይቀበልም። ጆርጂያ አቬኑን ይዘው ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ታች ሲወርዱ ኢስተርን አቬኑ ላይ አንድ የትራፊክ መብራት ያገኛሉ፤ ከመብራቱ በዚህ በኩል ሕጋዊ የነበረው ሰው ከመብራቱ ማዶ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ከባድ ወንጀል ፈጽሟል። ስሙ ያልተለወጠ መንገድ፣ ሱቆቹም ተመሳሳይ፣ ብዙዎቹም የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው። ዲሲ ውስጥ ለመታጠቅ የራሱን የከተማውን ፈቃድ ማውጣት ይኖርብዎታል፤ ለፈቃዱ 75 ዶላር፣ ሽጉጡን ለማስመዝገብ 13 ዶላር፣ ለአሻራ 35 ዶላር ይከፈላል፤ የተኩስ ልምምዱን ጨምሮ 18 ሰዓት ሥልጠና ይጠየቃል፤ የሚያገለግለውም ለሁለት ዓመት ነው። ፈቃዱን ይዘው እንኳ በሜትሮ ባቡር መሳፈር ወይም መጠጥ ተሽጦ እዚያው የሚጠጣበት ቤት መግባት አይፈቀድም። በወር ሁለት ጊዜ ዕቃ ለሚጭን ነጋዴ ይህ ሁሉ ልፋት አያዋጣም። ሽጉጡን ቤት ወይም ሱቅ ካዝና ውስጥ ቆልፈው ይሂዱ።

የእህትዎ ልጅ በእርስዎ ፈቃድ ሊጠቀም አይችልም፤ ፈቃዱ የእርስዎ የግልዎ ነው። ሕጉ በሱቅ ውስጥ ለባለቤቱ የሰጠውን መብት ከባለቤቱ ውጭ የሚያገኘው በኃላፊነት ደረጃ ያለ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱም በሥራ ላይ እያለ፣ በሱቁ ውስጥ ብቻ፣ ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ከፈቀደለት ነው። ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ የሚቆም ልጅ በኃላፊነት ደረጃ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ክርክር ላይ የሰው ልጅ ሕይወት አላስይዝም። ዕድሜውም 21 መሙላት አለበት። ከሁሉ በላይ የመጣበት ቪዛ ይታይ፤ የፌዴራል ሕግ በተማሪ፣ በጎብኚና በመሳሰሉት ጊዜያዊ ቪዛዎች ያሉ ሰዎችን፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያም ሆነ ጥይት እንዳይዙ ይከለክላል። ሽጉጡ መደርደሪያ ሥር እያለ የካዝናውን ቁጥር ለእሱ መስጠት እሱንም እርስዎንም ችግር ውስጥ የሚከት ነው።

እርስዎ ግሪን ካርድ ስላለዎት መግዛትም ማመልከትም ይችላሉ፤ እዚህ ላይ የዜግነት ጥያቄ የለም። ግን ዜጋ ላልሆነ ሰው የስህተቱ ዋጋ ከዜጋው ጋር እኩል አይደለም። በኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት የጦር መሣሪያ ሕግን በመጣስ የተሰጠ ፍርድ፣ እስሩ ቀላል ቢሆን እንኳ፣ ከአገር ለመባረር ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ከላይ የጠቀስኩት የቆሻሻ ገንዳና የጆርጂያ አቬኑ መብራት ለአሜሪካ ዜጋ ጠበቃና መቀጮ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለእርስዎ ግን የመኖሪያ ፈቃድዎን ሊያሳጡ ይችላሉ። የግዢውን የፌዴራል ቅጽ ሲሞሉም እያንዳንዱን ጥያቄ ራስዎ አንብበው ይመልሱ። በቤት ውስጥ ጥቃት ተፈርዶብዎት ያውቃል ወይ፣ ማሪዋና ይጠቀማሉ ወይ የሚሉት እዚያ አሉ፤ ማሪዋና በሜሪላንድ ተፈቅዷል ብሎ «አልጠቀምም» ማለት በፌዴራል ቅጽ ላይ መዋሸት ነው። በማኅበረሰባችን ቅጽ እንሞላለን እያሉ 200 እና 300 ዶላር የሚቀበሉ ሰዎች አሉ። ማመልከቻው በግዛቱ ፖሊስ የኢንተርኔት መግቢያ በኩል የሚሞላ ነው፤ የሚያስቸግር እንግሊዝኛ ካለው ልጅዎ አጠገብዎ ተቀምጦ ያንብብልዎት እንጂ፣ በስምዎ ሌላ ሰው ለሚጽፈው መልስ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው።

ምክሬ ይህ ነው። ኤች ኪው ኤሉን ያውጡ፤ ሽጉጡንና ካዝናውን ይግዙ፤ ካዝናው ከመደርደሪያው ጋር ይታሰር፤ ቁጥሩን ከእርስዎ በቀር ማንም አይወቀው፤ ቅዳሜና እሑድ ተቆልፎ ይዋል። ዌር ኤንድ ካሪውን ለጊዜው ይተዉት። የሚያሰጋዎ በምሽት የቀኑን ሽያጭ ይዘው ከሱቅ እስከ መኪና፣ ከመኪና እስከ ባንክ ያለው መንገድ ብቻ ከሆነ፣ ለዚያ 700 ዶላርና ሁለት ቀን ከማውጣትዎ በፊት ገንዘቡን በቀን ብርሃን፣ በየቀኑ በተለያየ ሰዓት ማስገባት ይሞክሩ። ይህ የማይቻል ከሆነና በእርግጥም ታጥቀው መውጣት ካለብዎት፣ ያኔ ወደ 16 ሰዓቱ ሥልጠና ይግቡ፤ ነገር ግን መጀመሪያ 50 ጥይት ይዘው ልምምድ ቦታ ይሂዱና 18ቱን ከ25 መምታት መቻልዎን ይዩ። ካልቻሉ 125 ዶላሩን አይክፈሉ።